ሴሎቹ የገቡበት ሳምንት

ከአሶሳ የወጣሁ ዕለት ታላቅ እህቴ አስካለ ልትሸኘኝ ከምትኖርበት ከቡለን ድረስ መጥታ ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ጡቷን በቀዶ ሕክምና አንስተውላታል። ባጃጁ ውስጥ ሆነን፣ ጀርመን ሄጄ ምን እንደምማር ጠየቀችኝ። ካንሰር ከበቀለበት ተነስቶ እንዴት ወደ አጠገቡ ሥጋ እንደሚገባ ነው አልኳት። «እንግዲያው ቶሎ ሂጂ» አለችኝ። ለእሷ ብዬ የሄድኩ መስሎኝ ነበር።

እዚህ ካንሰርን የምናጠናው በሰው ላይ አይደለም። ኮላጅን ከሚባለው፣ ሥጋን አያይዞ ከሚያቆመው ፕሮቲን ጄል እንሠራለን፤ እንደ ቀዘቀዘ የአጥንት መረቅ ይረጋል። በላዩ የካንሰር ሴሎች እናስቀምጥና ወደ ውስጥ ሲሰርጉ በማይክሮስኮፕ እናያለን። ሴሎቹ የሚኖሩት በሠላሳ ሰባት ዲግሪ ሙቀት ነው፤ እኔ በአሥራ ስድስት። አከራዬን፣ ከእኔ በቀር አብሯት የሚኖር የሌላት አሮጊት ናት፣ ማሞቂያውን ከፍ እንድታደርግልኝ ብለምናት አገሬ ሞቃት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ ስላት፣ «ታዲያ እዚያ ሳለሽ ጠግበሽ አልሞቅሽም?» አለችኝ። ሥራዬን የሰማች ቀን ደግሞ ፎጣዬን ከፎጣዋ ለየችው።

አሶሳ ከዛፍ ወድቆ የሚረገጠው ማንጎ እዚህ አንድ በአንድ ተጠቅልሎ ይሸጣል። ቅዳሜና እሁድ ከማንም ጋር ሳልነጋገር ያልፋሉ፤ ሰኞ ጠዋት ድምፄ ሻክሮ ይወጣል።

ሴሎቼ ለወራት ከጄሉ ላይ አንነቃነቅ ብለው ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ገቡ። አንዷ ቀድማ መንገድ ከፈተች፣ ሌሎቹ ተከተሏት። ፕሮፌሰሬ እጄን ጨበጠ፣ ኬክ ተቆረሰ። ሐሙስ አስካለ ደወለች። በሽታው ሳንባዋ ገብቷል።

የጀርመን መኖሪያ ፈቃዴ ለእድሳት መሥሪያ ቤት ገብቷል፤ አሁን ከወጣሁ መመለሴ ያጠራጥራል። ይህን አልነገርኳትም። ስለ ጄሉ ነገርኳት።

«ማስቆም ቻላችሁ?»

«በጄሉ ውስጥ አንዳንዴ። በሰው ላይ ገና ነው፣ እትዬ።»

ስለሚሞከሩት መድኃኒቶች ማውራቴን ቀጠልኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«የደወልኩት ስለ በሽታው አይደለም» አለች። «ትመጫለሽ ወይ?»

ኔትወርኩ ተቋረጠ ብዬ ልጽፍላችሁ ነበር። አልተቋረጠም። ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር።