ዶሮዬን ትቼ የወጣሁበት እሑድ

ባለፈው እሑድ፣ እዚሁ ነቀምቴ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ስብከቱ ገና ሳይሞቅ አውራ ዶሮ ጮኸ። ከገጠር የመጡ አንድ አባት ለመባ ይዘውት የመጡት ነው፤ እግሩን በገመድ አስረው ከወንበራቸው ሥር አስቀምጠውታል። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ወጣቱ ሰባኪ ፈገግ ብሎ ሊቀጥል ሲል ዶሮው ደገመው። ዛሬ ዛሬ መባውን በስልክ የሚልከው ብዙ ነው፤ እኔም እንደዚያው ነኝ፣ የልጅ ልጄ ነካ ነካ ታደርግልኛለች፣ አለቀ። ዶሮ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ካየሁ ቆየሁ።  ዶሮ ሲጮኽ ጥፋቱ ትዝ ያለው ጴጥሮስ ብቻ አይደለም፤ እኔም አለሁበት። በዚያ ላይ ባለፈው እሑድ ኩርፊያ ላይ ነበርኩ። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ የጥንቱን ላውጋችሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ቤታችን ዛሬ ቡርቃ ጃቶ በሚባለው በኩል ነበር፤ የጎረቤታችን ልጅ አስካለ ደግሞ ጓደኛዬ ነበረች። አባቷ ከጎጃም መጥተው እዚህ ሲነግዱ ኖረው የሞቱ ሰው ናቸው። አስካለ ከእናቷ ከእማማ ጌጤ ጋር ብቻዋን ቀረች። እማማ ጌጤ ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ ሰውን የሚለዩት በድምፅ ነበር። እነሱ ኦርቶዶክስ፣ እኛ ጴንጤ፤ ግን አጥራችን አንድ፣ የልጅነታችን ጎመንና በቆሎም አንድ። በጾም የእኛ ቤት ቅቤ ሲነጠር አስካለ ከአጥር ማዶ፣ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ አፍንጫዬን አስገደፋችሁት!» ብላ ትጮኽ ነበር። ኦሮምኛውን ከእኔ አሳምራ ነው የምትናገረው፤ ስትናደድማ ሌላ ቋንቋ የምታውቅ አትመስልም።

ሁለታችንም ለመምህርነት ሠልጥነን ጨረስንና የምደባ ዕጣ የሚወጣበት ቀን ደረሰ። በዚያ ጠዋት እማማ ጌጤን አመማቸው። አስካለ በር ላይ ቆማ፣ «ጫልቱዬ፣ የእኔንም አንቺ አውጪልኝ። መጀመሪያ የምታወጪው የእኔ ይሁን፣ ሁለተኛው ያንቺ» አለችኝ። እሺ ብዬ ሄድኩ። ጸሐፊው የተጠቀለሉትን ወረቀቶች በባርኔጣ አድርጎ ያስወጣናል። እጄን ከትቼ የመጀመሪያውን ፈታሁት፤ ነቀምቴ ይላል። ነቀምቴ! ሁሉም የሚመኛት፣ ከቤት ሳይወጡ የሚያስተምሩባት። ጸሐፊው ቀና ብሎ፣ «የማን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።

«የእኔ» አልኩት።

እንዲህ ነው እንግዲህ። አንዲት ቃል ናት። ሁለተኛውን ሳወጣ መንዲ ወጣ፤ ያኔ በዚያ መንገድ በክረምት አንዳንዴ ሁለት ቀን የሚፈጅ አገር። ለምን እንዲህ አደረግሽ ብትሉኝ፣ አንደኛው ፍርሃት ነው። ሁለተኛውን መናገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ በመዘምራኑ ውስጥ ጊታር የሚመታ አንድ ልጅ ነበር። ይኸው ልጅ በኋላ ሌላ አገባ፣ ደህና አድርጎ!

አስካለ ወረቀቷን ስሰጣት ሁለቴ አነበበችው። «የመጀመሪያው ይኼ ነው አይደል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «እንግዲያው የእግዜር ፈቃድ ነው» ብላ ወደ እናቷ ገባች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲያ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ስትጠራኝ የለሁም አስብላለሁ፣ መንገድ ላይ ሳያት በሌላ በኩል እታጠፋለሁ። ዕቃዋን ስታስር እንኳን ሄጄ አላገዝኳትም። እሷም «ከተማ ቀረሁ ብላ ኮራችብኝ» ብላ ለእናቴ ነገረቻት። ኩራት ቢሆን ምን ነበረበት! ሰው የበደለውን ሰው ይሸሻል እኮ፤ የተበደለውስ ቆሞ ይጠብቃል።

አስካለ የምትሄደው እሑድ ነበር። ያ እሑድ ደግሞ የእኛ የእሸት ምስጋና ነው። መስከረም ነበር፤ ዝናቡ ገና አልጨረሰም፣ ቀዩ ጭቃ ጫማ ይነጥቃል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ቀን ሰው ያለውን ይዞ ይመጣል፤ የበቆሎ እሸት፣ ዱባ፣ አንጮቴ የምንለው ሥራ ሥር፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ የቻለም በግ። እንስሳው በረንዳ ላይ ይታሰራል፣ ከአምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ በጨረታ ይሸጣል። አንዱ ያመጣውን አንዱ እየገዛ፣ እየተሳሳቁ፣ የተቀቀለ በቆሎ እየተጋጠ ይዋላል። እናቴ ለእኔ አንድ ጸባየኛ ቀይ አውራ ዶሮ ሰጥታኝ ነበር። ነጩን የመዘምራን ቀሚሴን ለብሼ፣ ዶሮውን አቅፌ፣ በጭቃው ውስጥ እያማረጥኩ ደረስኩ።

ወንጌላዊያችን ኦቦ ዲንሳ ይባሉ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው። ያን ቀን ያነበቡት ጌታ በተራራው ላይ ካስተማረው ነው፤ መባህን ይዘህ መጥተህ ሳለ ወንድምህ የተቀየመብህ ነገር እንዳለ ትዝ ካለህ፣ መባህን እዚያው ትተህ መጀመሪያ ሂድና ታረቅ የሚለውን። መጽሐፉን አጠፉና እኛን አዩን። «ይኼ ቃል ለግድግዳ አልተጻፈም። ‹በኋላ› አይልም፣ ‹ከአምልኮ ስትወጣ› አይልም። ‹መጀመሪያ› ነው የሚለው» አሉ።

በዚያው ቅጽበት በረንዳ ላይ ያ ጉደኛ ዶሮዬ ጮኸ።  የመንዲው አውቶቡስ ሲሞላ ነው የሚነሣው፤ እስካሁን ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ይቺ ልጅ የሰጠኋትን ውሸት ይዛ ልትሄድ ነው፤ እናቷም ያለ ልጃቸው ድምፅ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው። ብድግ አልኩ። ከመዘምራኑ መካከል፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በመካከለኛው መተላለፊያ ሄድኩ። እናቴ «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» ብላ ቀሚሴን ያዘች። «እማዬ፣ ዶሮውን ያዥልኝ» አልኳትና ሮጬ ወጣሁ።

አውቶቡስ ተራ ስደርስ ቀሚሴ እስከ ጉልበቱ ቀይ ሆኗል። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል። አስካለ በመስኮት በኩል ተቀምጣለች፤ አየችኝና ፊቷን አዞረች። መስታወቱን ደበደብኩ። ረዳቱ፣ «እህት፣ ሞልተናል! ለመዝሙር ሌላ ቀን ነይ» ይለኛል።

«አስካለ! የመጀመሪያው ዕጣ ያንቺ ነበር! ነቀምቴ ያንቺ ናት፤ ዋሸሁሽ!»

መስኮቱ ተከፈተ። «ማል ጄቴ?» አለች፤ ምን አልሽ ማለቷ ነው። ደገምኩት።  ከኋላዋ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፣ «ልጄ፣ ይኼ በመስኮት አያልቅም። ውረጂና ደህና አድርገሽ ተቆጫት» አሏት።

ወረደች። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታችኝም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እናቴ በሩን እየዳበሰች ስትዘጋ አይተሽ ታውቂያለሽ አይደል?» አለችኝ።

«አይቻለሁ።»

«ይኼን እያየሽ ነው የዋሸሽኝ?»

«እያየሁ ነው» አልኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህ በሕይወቴ ብዙ አልቅሻለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ልቤን ያቀለለልኝ ለቅሶ የለም። «እኔ እሄዳለሁ። ነገ ቢሮ ሄደን እንቀያየር፣ እፈርማለሁ» አልኳት።

 አስካለ የአውቶቡሱን ጣሪያ በጣቷ አሳየችኝ። «ይቅርታሽን በኋላ እሰማዋለሁ። መጀመሪያ ፍራሼን አውርጂ።»

ረዳቱ ፈጽሞ አልወጣም አለ። እኔው በመሰላሉ ወጣሁ፤ በነጭ ቀሚስ፣ አውቶቡስ ተራው እያጨበጨበልኝ። ፍራሹ ከሁለት ጆንያ ሥር ነበር። ሳጥኗን አውቶቡስ ተራው አጠገብ ያለ ዘመዷ ቤት አስቀመጥን፤ ለፍራሹ ግን በሩ ጠበበና ተሸክመነው ሄድን፣ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ።  ዳገቱ ላይ ስንደርስ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አስለቀስኳት ብዬ ደነገጥኩ። ለካስ ሳቅ ነው!

«ምነው?» አልኳት።

«መልአክ ፍራሽ ተሸክሞ እንደሚመጣ የነገረኝ ሰው አልነበረም» አለችኝና ፍራሹን ጭቃው ላይ ጥላው ተቀመጠችበት። እኔም ሣቅኩ፤ ሆዳችንን ይዘን። «ይቅር ለእግዜር» አለችኝ፣ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «ግን አንቺን ለመርሳት ነው እንጂ ነገሩንስ አልረሳውም።»

«እኔን ለመርሳት?»

«ይቅር ለማለት ማለቴ ነው፣ አታስጨንቂኝ!»

ዶሮዬን ትቼ መጥቻለሁና በቤተ ክርስቲያን በኩል እንለፍ አልኳት። ግቢው ስንገባ ግራ ገባን። የሰው ድምፅ የለም። በረንዳው ላይ ዶሮ፣ በግ፣ የዱባ ክምር ብቻ አለ፤ መካከላቸው ኦቦ ዲንሳ ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ የእኔን ዶሮ በጉልበታቸው ይዘው፣ በቆሎ ይፈለፍሉለታል። አጠገባቸው እናቴና ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።

እኔ ከወጣሁ በኋላ የሆነውን እናቴ ነገረችን። መጀመሪያ ኦቦ ነገራ፣ በአጥር ምክንያት ከጎረቤታቸው ጋር ዓመት የተዘጋጉት፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ «ይቺ ልጅ የሰማችውን እኔ የምሰማበት ጆሮ የለኝም እንዴ?» ብለው ወጡ። ቀጥሎ አንዲት ሙሽራ ወደ አማቷ ቤት ሄደች። ከዚያ አንዱ ሲወጣ ሌላው፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው። የተቀሩት ወይ የተጣሉት ሰው የሌላቸው ናቸው፣ ወይ መሄድ ያልቻሉ።

ኦቦ ዲንሳ አንዴ እኔን፣ አንዴ አስካለን፣ አንዴ ፍራሹን አዩ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «አልጋህን ተሸክመህ ሂድ የሚለውን ለሚቀጥለው እሑድ ነበር ያዘጋጀሁት። ቀደምሽኝ!» ሣቅ ያዛቸውና ዶሮው ከጉልበታቸው ዘለለ። «ይኼን ሁሉ ዘመን ስሰብክ ሰው አዳምጦኝ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ አዳመጠኝ፣ ይኸው የዶሮ ጠባቂ ሆንኩ።»

ከቀትር በኋላ ሰዉ መመለስ ጀመረ፤ ግን ብቻውን አይደለም። ኦቦ ነገራ ከባለ አጥሩ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው መጡ። ሙሽራዋ አማቷን ደግፋ ገባች። አንዱ ምስኪን ግን በሩን ስለዘጉበት ብቻውን ተመለሰ፤ ኦቦ ዲንሳ «ሄደሃል፣ ያንተ ድርሻ እሱ ነው። ነገም ሂድ» አሉት። ቤተ ክርስቲያኑ ከጠዋቱ ይበልጥ ሞላ፤ አስካለም የእኛ ቤተ ክርስቲያን በረንዳ ላይ፣ ፍራሿ ላይ ተቀምጣ፣ በቆሎ እየጋጠች አመሸች። ዶሮዬን በጨረታው ያሸነፈው የኦቦ ነገራ ጎረቤት ነው፤ ለኦቦ ነገራ ሰጣቸው።

ሰኞ ተቀያየርን። ጸሐፊው ሁለታችሁ ከተስማማችሁ ምን ቸገረኝ አለ። በሳምንቱ ለመንዲ ስሳፈር አስካለ ያንኑ ፍራሽ አሳሰረችልኝ፤ «ለመንዲ ተነሥቷል፣ ይሂድ» ብላ። የጭቃው ምልክት እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። መንዲ ዘጠኝ ዓመት አስተማርኩ፤ ባሌን ያገኘሁት እዚያ ነው፣ ልጆቼም የተወለዱት እዚያ። እማማ ጌጤም ልጃቸው በሩን እየዘጋችላቸው፣ በሰላም አርጅተው ሞቱ።

አንዳንዴ አስባለሁ። ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፣ ብዙውንም ወድጄዋለሁ፤ ሕይወቴን ያዞረው ግን የገባኝ ቃል ሳይሆን ተነሥቼ የሄድኩበት ቃል ነው። ደግሞ ሰው አንዴ ተምሮ የሚበቃው ይመስለዋል። ይኸው እኔ ሰባ ዓመት አልፎኝ፣ ጉልበቴን አሞኝ ተኝቼ አስካለ ሳትጠይቀኝ ቀረች ብዬ ሦስት ሳምንት ስልኳን አላነሣሁም። ለምን እንደቀረች እንኳን አልጠየቅኩም። ባለፈው እሑድ ያ ዶሮ ሁለተኛ ሲጮኽ ዱላዬን ፈልጌ ብድግ አልኩ። የልጅ ልጄ «አያቴ፣ ወዴት?» አለችኝ። «መጀመሪያ» አልኳት እንጂ ምንም አላብራራሁላትም።

ባጃጅ ይዤ ጨለለቂ ሰፈር፣ አስካለ ቤት ሄድኩ። በሩን ራሷ ከፈተችው፤ ክንዷ በጀሶ ታስሯል። ወድቃ ተሰብራ ነበር፤ በየቀኑ ስትደውልልኝ የነበረው ይኼንኑ ልትነግረኝ ነው።  እሷ የእኔን ፊት አየች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፣ የአምልኮው ሰዓት ገና አለማለቁን አሰላችና ያ የጥንቱ ሣቅ ትከሻዋን ያንቀጠቅጠው ጀመር።

«ግቢ፣ አንቺ ጉደኛ» አለችኝ። «ዛሬስ ዶሮሽን ለማን ትተሽ መጣሽ?»