የእርጉዝ ላሞችን ገመድ ያስፈቱት ጋሽ እንድሪስ

በሐይቅና በአምባሰል ጋሽ እንድሪስ ሙሄን ለምታውቁ ሁሉ፦ የከብት ሐኪማችን ባለፈው ሰኞ ረፋድ ላይ በቤታቸው አርፈዋል፤ ቀብራቸውም በዚያው ዕለት ተፈጽሟል። የቅሬው፣ የዕድራችን፣ ጥሪ ያልደረሳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁና ይህን እጽፍላችኋለሁ። እኔ ጽጌ ነኝ፤ በሐይቁ ዳር አንዲት ላም ያለችኝ፣ ከእርሳቸው ጋር መከራከር የማይሰለቸኝ ሴት።

ላሜ ዳማ የመጀመሪያ ጥጃዋን ስትወልድ መነሣት አቅቷት ነበር። ስድስት ሰው በእንጨት ደግፎ አነሣት፤ ጥጃው ግን ሞቶ ተወለደ። እንደገና ስታረግዝ ከቤቱ ጥግ፣ ከጨለማው፣ በአጭር ገመድ አሰርኋት። እርጉዝ ላም የሰው ዓይን እንዳያርፍባት መደበቅ፣ ሌላ ላም እንዳትወጋትም ለብቻ ማሰር የሰፈራችን ልማድ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጆቼን የማሳድገው በእሷ ወተት ስለሆነ፣ ልማዱን ከሁሉም አብልጬ አጠበቅሁት።

ጋሽ እንድሪስ ጎንበስ ብለው ገቡ። ያበጠ ጉልበቷን ዳሰሱ፤ ባለመሄዷ የረዘመ ሰኮናዋን አዩ።

«አንች፣ ይች ላም ምን አጥፍታ ነው የታሰረችው?»

«አርግዛ ነዋ፣ ጋሼ!»

«ማርገዟ ነው ወንጀሉ? አንችስ ዘጠኝ ወር ሙሉ ምሰሶ ላይ ታስረሽ ነበር እንዴ?»

ሳቅ አመለጠኝ፤ ገመዱን ግን አልፈታሁም። እርሳቸውም አልተቀየሙም። እርጉዝ ላም ያለንን አምስት ሴቶች በየቤታችን እየዞሩ መከሩን። የጎረቤቴ የእትዬ ዘሀራ ግቢ ሰፊ ስለሆነ ላሞቹ እዚያ ተፈትተው አብረው እንዲከርሙ ነበር ምክራቸው። «የማይራመድ እግር ለምጥ ቀን አይቆምም» ይሉን ነበር። በመጨረሻ እሺ አልን።

የመጀመሪያው ቀን ግን ከፋ። አራቱ ላሞች በጠዋት ገቡ። እኔ የሰው ዓይን ፈርቼ፣ መንገዱ ጭር እስኪል ስጠብቅ ረፈደብኝና ዳማን የወሰድኋት ከቀትር በኋላ ነው። ያን ጊዜ አራቱ ግቢውን የራሳቸው አድርገውታል። ዳማ ወደ መኖው ገንዳ ስትጠጋ የእትዬ ዘሀራ ቀንዳም ላም ጎኗን ወግታ ጣለቻት።

«ጽንሷን ገደላችሁት!» ብዬ ጮኽሁ። ጋሽ እንድሪስን በሰው ፊት ብዙ ክፉ ቃል ተናገርኋቸው፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

እርሳቸው በዳማ ሆድ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ብዙ ቆዩ። «ጽንሱ ይንቀሳቀሳል፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያም ሁሉም እየሰማ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ባንድ ጊዜ ይግቡ ማለት ነበረብኝ። ገንዳውንም አንድ ማድረግ አልነበረብኝም» አሉ። ስንት የተማረ ሰው አይተናል፣ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ የማይወጣ!

ዳማን ወደ ጨለማዋ መለስኋት። በማግስቱ ጋሽ እንድሪስ መጋዝ ይዘው መጡ። እያንዳንዷ ላም በየቦታዋ እንድትበላ ገንዳውን በባሕር ዛፍ አጣና ከፋፈሉት፤ የቀንዳሟንም ቀንድ ጫፍ በአሮጌ ጎማ ቁራጭ ሸፈኑት። ቀጥለው አራቱን ላሞች አስወጡና ደጄ መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ። «ዛሬ ከወጋቻት ቀንዱ መጀመሪያ እኔን ያግኘኝ።»

ዳማን ፈትቼ ተከተልኋቸው፤ አምስቱም አብረው ገቡ። እርሳቸው በትር ይዘው፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ በመካከላቸው ቆመው ዋሉ። ላሞቹ ተገፋፉ፣ ተሸታተቱ፣ በሦስተኛው ቀን ጎን ለጎን ተኝተው አመሰኩ። እየዋለ እያደረ የዳማ እብጠት ጎደለ፤ አረማመዷም ተስተካከለ። ሳመሰግናቸው፣ «መንጋም ጠብ አያጣም፤ ቦታና መኖ ከበቃው ግን ይታረቃል» ብለው ወሬ ለወጡ።

ከዚያ ታመሙ። ልጠይቃቸው ብሄድ፣ ገና «እንዴት ዋሉ?» ሳልል፣ «ዳማ ከወለደች በኋላ ተነሥታ ትሄዳለች ትያለሽ?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት የሚያውቁት፣ ጋሼ።»

«ትነሣለች፣ ኢንሻ አላህ። እንገሩን ግን እንዳትረሽብኝ፤ የመጀመሪያውን ወተት አንች ታመጭልኛለሽ።» ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ፣ «ይኸው፣ አልጋ ላይ ሆነውም ስለ ላም ነው!» ብለው ተቆጡ። ሦስታችንም ሳቅን።

ያ የመጨረሻችን ሆነ። በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ገና ሳይበተን፣ ዳማ በእትዬ ዘሀራ ግቢ ወለደች። ጥጃዋ ሴት ናት። የመጀመሪያውን እንገር ይዤ ለቅሶ ቤት ሄድሁ። እትዬ ከድጃ ተቀብለውኝ ቀመሱ፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ለጎረቤቱ ሁሉ አዳረሱት።

ጋሽ እንድሪስ፣ ለላሜ ብዬ በሰው ፊት የተናገርሁዎትን ይቅር ይበሉኝ። አፈሩ ይቅለልዎ። እንገሩን አልረሳሁም፤ የዘገየሁት ሦስት ቀን ብቻ ነው። የጠየቁኝንም ልመልስልዎ፦ ማንም አልደገፋትም፣ ጋሼ። ጥጃዋን ልሳ ጨርሳ፣ በራሷ እግር ተነሥታ ሄደች።