ኮፍያ ደፍቼ የተቀበልሁት መርዶ

ከቡሬ ገጠር የንግድ መርከብ ካፒቴን ወጣ ሲባል ሰው ቢስቅ አይከፋኝም፤ እኔም እስቃለሁ። እስከ ሃያ ዓመቴ ከጉልበቴ በላይ የሆነ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ከቅኔ ቤት ጠፍቼ ምጽዋ የደረስሁ ዕለት ባሕሩን አይቼ፣ «ይህን ሁሉ ውሃ ያለ ከብት ምን ያደርጉታል?» ብዬ ጠይቄ የወደቡን ሠራተኞች አስቄአለሁ።

መርከብ ላይ ልቀጠር ነው ብዬ ልሰናበታት ስመጣ እናቴ አላለቀሰችም። «ሂድ፣ አልከለክልህም። ስሞት ግን አፈር የምታለብሰኝ አንተ ነህ። በል ማልልኝ» አለችኝ። የበኩር ልጇ ነኝና ማልሁላት። መሐላ በደረቅ መሬት ላይ ሲሆን ቀላል ነው።

ዓመታት አልፈው አንደኛ መኮንን፣ የካፒቴኑ ምክትል፣ ሆንሁ። ታናሽ ወንድሜ በየጊዜው ይጽፍልኛል። አንድ ጊዜ እናታችንን ሳል ጀምሯታል አለኝ። በዚያው ሰሞን የካፒቴኑ ቦታ ተለቀቀ፤ አለቆቼም አሁን ፈቃድ ከወጣህ ለሌላ ይሰጣል አሉኝ። ለወንድሜ ቶሎ ጻፍሁለት፦ «ብሶባት ከሆነ ካፒቴንነቱ ይቅርብኝ፣ እመጣለሁ። እውነቱን ንገረኝ።» መልሱ አሰብ ላይ ደረሰኝ፦ «እናታችን ደህና ናት። ስለ እርሷ አታስብ፤ ሥራህን ሥራ።»

ደስ አለኝ። ላልዋሽ፣ ስለ እናቴ ብቻ አልነበረም፤ ቦታውም ስላላመለጠኝ ነው። በጭጋግ ውስጥ የሌላውን መርከብ ጡሩምባ ሰምቶ ርቀቱን የሚገምት ሰው፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ማንበብ አልቻለም።

ዓመት አልፎ ካፒቴን ሆኜ ፈቃድ ወጣሁ። እመጣለሁ ብዬ ጽፌ ስለነበር አውቶቡሱ ጅጋንና ፍኖተ ሰላምን አልፎ ቡሬ ሲደርስ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ቆሞ ጠበቀኝ። ዛሬውኑ ወደ እናቴ ልሂድ አልሁት።

«በቅሎዋ አነከሰች ልጄ። ዛሬ እኔ ዘንድ እደር፣ ነገ በማለዳ እንሄዳለን።»

እቤቱ ዶሮ ታርዷል። ጎረቤቶች ገቡ። አንዱ ሽማግሌ፣ «ለመሆኑ ባሕሩ ዳገት አለው?» አሉኝ።

«አለው እንጂ አባቴ፤ የሚያስቸግረው ግን ቁልቁለቱ ነው» አልኋቸው። ሳቁልኝ። ሳቃቸው አጭር ነበር፤ እኔ ግን ቀልዴ አንሶ ነው ብዬ ሌላ ጨመርሁ። አጎቴ አይጠጣም።

«ምነው አንቱ አይጠጡም?»

«ብርድ መትቶኝ ነው። አንተ ብላ ልጄ፣ ብላ» እያለ ያጎርሰኛል።

ጎህ ሲቀድ በግቢው የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። በበሩ ቀዳዳ ሳይ ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ከመካከላቸው ወንድሜና የእናቴ የንስሐ አባት አሉ። ካፒቴን በመሆኔ እንኳን ደስ ያለህ ሊሉኝ መጡ ብዬ ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ወርቃማ ጥልፍ ያለውን ኮፍያዬን ደፍቼ ወጣሁ። ሰላምታም ሰጠኋቸው፣ እንደ ወታደር። ሁሉም ኩታቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ነበር። ያገሬ ሕፃን እንኳ የሐዘን ልብስ መሆኑን ያውቃል፤ እኔ ባሕር ላይ ከርሜ ረስቼዋለሁ።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉ ቄሱ። «እናትህ ካረፈች ሙት ዓመቷ አልፏል።»

እጄ እኮፍያዬ ላይ እንዳለ ቀረ። ሁለት ሰዎች መጥተው ግራና ቀኝ ያዙኝ።

ኋላ እንደ ተረዳሁት፣ ወንድሜ «ደህና ናት» ብሎ ሲጽፍልኝ ከተቀበረች ሃያኛ ቀኗ ነበር። ለቀብሩ ባልደርስ ለአርባዋ ተዝካር እደርስ ነበር።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አልሁት።

«ጋሼ፣ መርዶ በወረቀት ይነገራል? ማን ይዞህ? እዚያ ውሃ ላይ ብቻህን ሆነህ ዘለህ ብትገባስ?»

ልቆጣው ስል የራሴ ሥራ ትዝ አለኝ። ባለፈው ክረምት የመርከባችን ወጥ ሠሪ አባት መሞቱን የሚገልጽ ቴሌግራም ደርሶኝ፣ ወደብ እስክንገባ ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ። ሰውየው ስምንት ቀን እያፏጨ ወጥ ሠርቶልኛል። እኔም በወጉ በልቻለሁ።

ከመቃብሯ አደረሱኝ። ሣር በቅሎበታል። ቄሱን፣ «እኔ የማደርገው ምን ቀረ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ አንድ ነገር ቀርቷል እንዲሉኝ እየለመንሁ።

«ምንም የቀረ የለም ልጄ። ፍትሐቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ፣ ሁሉም በወጉ ተፈጽሟል። ወንድምህ ይባረክ።»

አፈር ዘገንሁ። ሣሩ ላይ ልበትነው ብል መሐላ መፈጸም ሳይሆን ቤቷን ማቆሸሽ መሰለኝና እጄን ከፍቼ እግሬ ሥር ጣልሁት። ፈቃዴን ሳልጨርስ ወደ መርከቤ ተመለስሁ።

ወንድሜ ከዚያ ወዲያም ይጽፍልኝ ነበር። «ሁላችንም ደህና ነን» የምትለው መስመር ላይ ስደርስ ደብዳቤውን አስቀምጬ፣ የዘመዶቼን ስም አንድ በአንድ እየጠራሁ ማን ሞቶ ይሆን እያልሁ እገምታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አልተሳሳትሁም።