ብርድ ያልደረሰበት አገዳ

ልጅ ሳለሁ ብርድን የማውቀው እንደ አንድ የሩቅ ዘመድ ነበር፤ ከዳገቱ ወገን የሚመጣ፣ ቀኑን የማያስታውቅ፣ ሲመጣም ቤቱን ሁሉ የሚያሸብር ዘመድ። እንዲህ እንዳስበው ያደረጉኝ የአባቴ አጎት አባ ይመር ናቸው። ቀዬአችን ከመርሳ ወደ ዳገቱ ሲወጣ፣ በሁለት ጋራ መሃል የምትገኝ ጠባብ ሸለቆ ናት። ታች ግራና ከተማ ሰው በስስ ነጠላ ሲያድር እኛ ዘንድ በታኅሣሥ ጥርስ ይንቀጫቀጫል፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይነጋል።

አባ ይመር ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ማሳችን ዳር ባለችው ጎጆአቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አባቴ እኛ ቤት እንዲገቡ ስንት ጊዜ ለምኗቸዋል። «እኔ የሰው ቤት አልጠጋም፤ የራሴ ምሰሶ አለኝ» ይላሉ። ለተረት ሲሆን ግን መምጣታቸው አይቀርም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ መግሪብን ሰግደው፣ ቡሉኮአቸውን እንደተከናነቡ፣ ደጃችንን በከዘራቸው ነካ አድርገው ይገባሉ። እናቴ ኩራዙን ግድግዳው ላይ ትሰቅለዋለች፣ ምድጃው ውስጥ የማሽላ አገዳ ይነዳል። አገዳ ቶሎ ቦግ ብሎ ቶሎ የሚከስም ነገር ስለሆነ፣ ያኔ ተረት የምንሰማው አንዴ ፊታቸውን እያየን፣ አንዴ ጭሱ ውስጥ ድምፃቸውን ብቻ እየተከተልን ነበር። በተረት መሃል ሰው ሲያስል ይቆጣሉ፤ ራሳቸው ግን ከሁላችንም በላይ ያስሉ ነበር።

የምነግራችሁ ዓመት፣ ከእሱ በፊት የነበረው መኸር ማሽላችንን ትል የፈጀበት ነው። ቡቃያው ገና ጉልበት ሳይደርስ መሃል ቅጠሉ ይደርቃል፣ ሳብ ሲያደርጉት ተመዝዞ እጅ ላይ ይቀራል። የተረፈውም ከፍ ካለ በኋላ አገዳው ውስጥ ውስጡን ተቦርቡሮ ነፋስ ሲነካው ቀጭ ይላል። ከዚያ መኸር በኋላ በመጣው ክረምት እናቴ ቂጣውን ቆርሳ ስታድለን የራሷን «በቅቶኛል» እያለች ወደ እኛ ስትገፋ አይቻለሁ። በቅቷት እንዳልነበረ ልጅ ብሆንም አውቅ ነበር። ስለዚህ ትል ሲባል ሌላ ዓመት እንዲያ ያለ ክረምት ቢደገም ምን እንደምንሆን እያሰብኩ እፈራለሁ።

አንድ ምሽት አባቴ አገዳ ሰብሮ እሳቱ ውስጥ ሲከት፣ ከተሰበረው ጫፍ አንድ ወፍራም ትል ሙቀቱን ሽሽት እየተጠማዘዘ ወጣ። አባ ይመር በከዘራቸው አመለከቱት።

«አየኸው? እንግዳህ ነው!» አሉት አባቴን፤ ተረቱንም ጀመሩ።

በድሮ ጊዜ ነው አሉ፣ ትል የሰውን ማሽላ በልቶ በልቶ ሆዱ ሲሞላ፣ ብርድ በትሩን ይዞ ከዳገቱ ሲወርድ የእግሩን ኮቴ ሰማ። ብርድ ሥራው ይህ ነው፤ በክረምት የሰረቀውን ሁሉ በታኅሣሥ እየዞረ ይጠይቃል። ትል ደነገጠ። አገዳ ውስጥ ገብቶ ጥቅልል አለ። ገበሬው መጣ፣ አገዳውን አጨደ፣ አሰረ፣ ተሸክሞም ከቤቱ ግድግዳ ጋር ቆንጆ አድርጎ ከመረው። ብርድ ማሳውን ቢያይ ባዶ ነው። ወደ ቤቱ መጣና «ባለቤት! የምፈልገው ሌባ እዚህ ገብቷል?» ብሎ ተጣራ። ገበሬው ከውስጥ፣ እሳት ዳር ሆኖ፣ «ማንንም አላስገባሁም፤ ሂድልኝ፣ በሬን አታስከፍተኝ» አለው። ብርድ ደግሞ ጨዋ ነው፤ የሰው ክምር አይበረብርም። አለፈ። ዝናብ ሲጥል ትል ክንፍ አውጥቶ ከክምሩ ወጣ፣ ቡቃያው ላይ ዕንቁላሉን ጥሎ ሄደ። «ላሳደረው ሰው እንኳ አላህ ይስጥልኝ አላለም!»

«እና ሰውየውስ?» አልኳቸው።

«ሰውየውማ ሞኝ ነው!» አሉና አባቴን አዩት። «ሞኝ! ቤቱን ዘግቶ ሌባውን ደጁ ያሳደረ!»

አባቴ ነገሩ ገብቶታል። በኛ አገር አገዳ እንደታጨደ ተሰብስቦ ይከመራል፤ የከብት መኖ ነው፣ ማገዶም አጥርም ነው፤ ሜዳ ላይ ካደረ ደግሞ መኸር ሲያልቅ የሚለቀቀው የአገሩ ከብት ይጨርሰዋል። «አያ ይመር፣ ከብቱስ ምን ይብላ?» አላቸው።

«ገለባ ይብላ! አገዳውን እሾህ አጥር ያለው ማሳ ላይ አነጣጥፈው። ቀን ፀሐይ ያግኘው፣ ሌሊት ውርጭ ያግኘው። ጥር ሲያልቅ ከምረው፣ ማን ከለከለህ?»

እናቴ ቀስ ብላ «የርስዎስ ጎጆ? ነፋሱን ይከልል የነበረው እኮ ክምሩ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ክምሩ ሁልጊዜ የሚቆመው በጎጆአቸው ጀርባ፣ ልስኑ በተሰነጣጠቀው ግድግዳ በኩል ነበር። አባ ይመር ሳቁ፤ ሳቃቸውም ሳል ሆኖ ቀረ።

«እኔ ትል ነኝ እንዴ ብርድ የሚገድለኝ!»

የዚያን ዓመት አገዳችን መሬት ላይ ተነጠፈ። የሚያልፈው ሁሉ «ምነው ደህና ናችሁ?» እያለ ይጠይቀን ነበር። እኔ ግን ጭንቅ ያዘኝ። ብርድ ቢመጣ ማሽላው ይተርፋል፤ ብርድ ቢመጣ ደግሞ ነፋሱ በዚያ በባዶው ግድግዳ ይገባል፤ የአባ ይመር ሳል በየቀኑ እየወፈረ መሄዱን እሰማለሁ። ምን ብዬ ዱዓ እንደማደርግ ጠፋኝ። በመጨረሻ በልጅ አእምሮዬ አንድ መላ መጣልኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እሳቸው ከሰዓት በኋላ ለዐስር ሰላት ሲሄዱ ጠብቄ፣ ከተነጠፈው አገዳ አንድ ሁለት እስር እየጎተትኩ በጎጆው ጀርባ ማቆም ጀመርኩ። ከዚያ ሁሉ አገዳ ይህቺ ምን ታጎድላለች ብዬ ነው። በሳምንቱ የተሰነጣጠቀው ግድግዳ ተሸፈነ። ማንም አላየኝም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ውርጩ መጣ። ጠዋት ስንነሣ ጣሳ ውስጥ ያደረው ውኃ ላዩ ረግቷል፣ የእናቴ የቃሪያ ችግኝ በፈላ ውኃ የተቀቀለ መስሎ ጠቁሮ ወድቋል። እናቴ ችግኟን እያየች ከንፈሯን ትመጥጣለች፤ አባ ይመር ግን እንደ ሙሽራ ፈክተው በጤዛው ላይ ይመላለሳሉ። በማጭድ አገዳ ሰንጥቀው ያሳዩናል። ትሉ ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ እንደ ክር ቁራጭ ሆኗል። ሌላ ሰነጠቁ፣ እሱም ሞቷል። አልፎ አልፎ የሚንቀሳቀስ ቢገኝም አብዛኛው አልቋል። «አልሐምዱሊላህ! መጣልህ፣ ባለበትሩ!» እያሉ አባቴን ትከሻውን ይመቱታል።

ደስታቸው ሳይበርድ ወደ ጎጆአቸው ጀርባ ዞሩ። ከእስሮቹ መሃል አንድ አገዳ መዘዙ፣ ሰነጠቁት፣ መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። ትሉ ወፍራም ነው፣ ነጭ ነው፤ ሙቀት ሲያገኝ ራሱን ቀና አደረገ።

«ማነው ይህን እዚህ ያቆመ?»

መዋሸት ይቻል ነበር፤ ወንድሜ ላይ ላሳብብ አስቤም ነበር። ግን ማልቀስ ቀደመኝ። «እኔ ነኝ አባባ። ሳሉ ስለበረታብዎ... ነፋሱ እንዳይገባብዎ ብዬ ነው።»

ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። «እኔስ ነፋሱ ምነው ማረኝ እል ነበር» አሉ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ድምፃቸው ጠነከረ። «በይ፣ ራስሽ ያቆምሽውን ራስሽ አንሺ። አንዲትም እንዳትቀር።»

አነሣሁ። ቀኑን ሙሉ እያለቀስኩ ወደ ማሳው መልሼ ጎተትኩ። ግድግዳው እንደገና ባዶውን ሲቀር፣ በስንጥቁ የጎጆው ውስጥ ጨለማ ይታይ ነበር። የዚያን ምሽት አባ ይመር እሳት ዳር አልመጡም። እኔም ከቡሉኮዬ ሥር ሆኜ ሳላቸውን ስጠብቅ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጎህ ሲቀድ ሳዳምጥ ሳሉ የለም። ሮጥኩ። «አባባ! አባባ!» ብል መልስ የለም። አባቴ ደርሶ በሩን ገፋው።

ነበሩ። ትኩሳቱ አቅላቸውን አስቷቸው፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ግን በሕይወት ነበሩ። አባቴ እንደ ሕፃን አዝሎ ቤታችን ሲያስገባቸው እጃቸውን እያወናጨፉ «ምሰሶ አለኝ አላልኩህም?» ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ነው እኔ የተነፈስኩት።

ብዙ ቀን በምድጃው ጎን ተኙ። ውርጩ ሁለት ጊዜ ተመለሰ፤ ማሳ ላይ የተነጠፈው አገዳ ሁሉንም ተቀበለ፣ እኔ የጎተትኩትም አብሮ። እኔ ላናግራቸው አልደፈርኩም፤ እሳቱን እየቆሰቆስኩ ጥግ እይዛለሁ። አንድ ምሽት ቀና ብለው ተቀመጡና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ያንኑ ተረት እንደ አዲስ ጀመሩት። ብርድ ከዳገቱ ወረደ፣ ትል አገዳ ውስጥ ገባ፣ ገበሬው አገዳውን ከመረ፣ ብርድ ደጅ ቆሞ ተጣራ። እዚህ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ እሳቱ ከስሞ ስለነበር ፊታቸውን አላየሁትም።

«ያን ቀን ስነግራችሁ አንድ ነገር ረስቼ ነበር» አሉ። «ሰውየው ሞኝ አልነበረም። ቤቱ ውስጥ የሚበርደው ሽማግሌ ነበረው።»

የሚቀጥለውን መኸር ማሽላችን ራሱን ተሸክሞ ቆመ፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ክረምቱን አሻገረን። አባ ይመርም ወደ ጎጆአቸው አልተመለሱም። እሸቱን አብረውን በሉ፣ ከዚያም ሌላ ብዙ መኸር አየን።

አሁን ወልድያ ሆኜ አስተምራለሁ፤ ማሳውን የሚያርሰው ወንድሜ ነው፣ እናታችንም ያለችው ከእሱ ጋር ነው። ዘንድሮ ታኅሣሥ ገብቶ ሲያልቅ እኔ ስስ አንሶላ እንኳ ከብዶኝ አድሬያለሁ። ወንድሜ ደውሎ «አገዳውን እንደ ልማዳችን አንጥፌዋለሁ፤ ብርዱ ግን አልወረደም፣ ብሰነጥቅ ሁሉም በሕይወት አለ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ያን የድሮ ክረምት ሰማሁት። ስልኩን ዘግቼ፣ ያ አላህ፣ ብርዱን ላክልን ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ገና ዱዓዬን ሳልጨርስ እናቴ ትዝ አለችኝ፤ አርጅታለች፣ ትንሽ ነፋስ ሲመታት ደረቷን ይዛ ነው የምትቀመጠው። እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ከዚያ «በልኩ» የምትል ቃል ጨመርኩበት፤ ትሉን ገድሎ እናቴን የሚምር ብርድ ልኩ ስንት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።