ሁለት እጅ የሚፈልገው ጨርቅ

ሥራዬን ለማየት የሚመጡ ወጣቶች ሁሉ አንድ ጥያቄ አላቸው። «እርስዎ ሰዓሊ ነዎት፣ ጠላፊ ነዎት ወይስ የኤሌክትሪክ ባለሙያ?» ይሉኛል። ኤዲያ! ዕድሜ ልኬን ይህንኑ ስጠየቅ ኖርኩ። ጨርቅ እሠራለሁ፤ ሰው ሲነካው ይበራል ወይም ድምፅ ያሰማል፤ በቃ። ይህ ሥራ ረጅም የፈረንጅ ስም እንዳለው የሰማሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ግን ስም አልነበረውም፤ ስም የሌለው ነገር ደግሞ ለኮሚቴ አይገባም። የደረሰብኝ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ የምልክት መብራት ይጠግናል። እናቴ ለሙሽሮች ትራስና የአልጋ ልብስ ትጠልፋለች። ከዚራ ሰፈር የነበረው ቤታችን ጠባብ ስለሆነ የሁለቱም ዕቃ የሚቀመጠው በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። መርፌ ስፈልግ ትራንዚስተር እጄ ውስጥ ይገባል። አባቴ ሽቦ ሲጎትት የእናቴ ቀይ ክር ተጠምጥሞበት ይወጣል፤ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው።

«ስንቴ ልንገርህ? ሽቦህን ከክሬ ለይልኝ!» ትላለች።

«ክርሽ እኮ ነው ወደ ሽቦዬ የመጣው» ይላል።

እኔ ያደግኩት በዚያ ቆርቆሮ ላይ ነው። እርሳስ አቅልጦ ሽቦ ማያያዙንም ጥልፉንም ጎን ለጎን ተማርኩ። የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ማንም አልነገረኝም።

ትምህርቴን ስጨርስ የተቀጠርኩት በአንድ የልብስ ሰፊዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ሥራዬ የሱሪ እግር መቀምቀም ነበር። ሱሪው ካኪ ነው፤ ዛሬም ካኪ፣ ነገም ካኪ! በዚያ የድሬ ሙቀት ጭኔ ላይ ካኪ ተከምሮ ስውል ደሜ ይፈላል። በጓሮ በኩል ግን ሰፊ መስኮት ያላት አንዲት ክፍል ነበረች፤ ንድፍ ክፍል ትባላለች። ሁለት ወንዶች ተቀምጠው የአልጋ ልብስ አበባ ይስሉባታል። አበባው ሁልጊዜ ያው ነው፤ አንዳንዴ ቅጠሉን ወደ ግራ ያዞሩታል። ሦስተኛ ወንበር ባዶ ነበር። ያቺን ወንበር ፈለግኳት፤ አጥብቄ ፈለግኳት። ካላገኘኋት ዕድሜዬ በሰው ሱሪ እግር ላይ እንደሚያልቅ ታይቶኝ ነበር።

እና ጨርቁን ጀመርኩ። ክር የገዛሁት እናቴ ከምትገዛበት ከቀፊራ ገበያ፣ ከአንድ ሱቅ ነው። ባለሱቁን ሐጂ እንላቸዋለን። ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ የብር ክር ነበራቸው፣ እውነተኛ ብረት ያለበት። ሐጂ ለሴት እጃቸውን የሚሰጡት በትከሻቸው ፎጣ ጫፍ ሸፍነው ነው። ለእናቴም፣ በር ላይ ሎሚ ለምትሸጠውም፣ ለእኔም እንዲያ ነው። የሃይማኖት ልማዳቸው ነው፤ ፈገግታው ከፎጣው በላይ ስለሆነ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

ሱቃቸው ገብቼ ከኪሴ የባትሪ ድንጋይና ትንሽ አምፖል አውጥቼ ክሩን አስነካሁት። አምፖሏ በራች።

«አንቺ ልጅ፣ ክር ይዳሰሳል፣ ለፀሐይ ይታያል። በመብራት የሚፈተን ክር የት አየሽ?» አሉኝ።

ከዚያ ከሁሉ የሚያብረቀርቀውን አመጡልኝ። አምፖሏ ጭራሽ አልበራችም።

«ይሄ ናይለን ነው ሐጂ። ኮረንቲ አያሳልፍም፣ አልፈልገውም።»

«አቦ! ናይለን እኮ ነው ውዱ!» ብለው እንደ መቆጣት አሉ።

ጨርቁ ስፋቱ ሁለት አንሶላ ጎን ለጎን ያህል ነበር። መሐሉ ላይ ከተማችንን ጠለፍኩ፤ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ፣ ዛፎቹን፣ ባቡሩን። በሐዲዱ ላይ የእጅ ባትሪ አምፖሎች ደረደርኩ። በቀኝ ዳርና በግራ ዳር በብር ክር አንዳንድ መዳፍ ጠለፍኩ። አንድ ሰው ብቻውን ሁለቱን መዳፎች ልንካ ቢል እጁ አይደርስም። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ የቀኙን መዳፍ ይነካል፣ ሌላው የግራውን፣ ከዚያ በቀረው እጃቸው ይጨባበጣሉ። በሰውነታቸው የምታልፈው ኃይል ለሰው እንኳ አትሰማም፤ ከጨርቁ ጀርባ ያሉት ትራንዚስተሮች ግን ተቀብለው ያጎሏታል፣ አምፖሎቹም ቦግ ይላሉ። ይህን ያሰብኩት ከከተማዬ ሰው ነው። ድሬ ላይ ሰው ሰላም ሲባባል እጁን ቶሎ አይለቅም። እንደተጨባበጠ ያወራል፣ እንደተጨባበጠ ይሳደባል፣ ፀሐይ አናቱን እየበሳው።

ኮሚቴው ፊት ስዘረጋው ግን ቆሽቴን አሳረሩት።

«ኮረንቲ ሰው ይዞ ቢገድልስ?» አለ የማኅበሩ ሊቀመንበር።

«የባትሪ ድንጋይ ነው ጓድ። ዝንብም አይገድል።»

«የመደብ ይዘቱስ ምንድን ነው?»

«ባቡር ነው ጓድ።»

«ለምን ሁለት ሰው ብቻ? ሰፊው ሕዝብ የት ሄደ?»

እንግዲህ ምን ይመለሳል! ከንድፍ ክፍሉ ወንዶች አንደኛው ጨርቁን ገልብጦ ሽቦውን አየና «ይሄ ጥልፍ አይደለም፣ ሬዲዮ ነው» አለ። የማውቀው ሬዲዮ ጠጋኝ ደግሞ «ይሄ ሬዲዮ አይደለም፣ ጥልፍ ነው» ብሎ ትራንዚስተር በስንት ልመና ነበር የሰጠኝ። በመጨረሻ አምፖሎቹ ቀይ ይሁኑ ተባለ። ቀይ አምፖል ከየት ላምጣ? ቀይ የካራሜላ ወረቀት ለቅሜ አንድ በአንድ ጠቀለልኳቸው። ጣቴ ማር የነካው ይመስል ሲጣበቅ ሰነበተ።

ውሳኔው እንዲህ ነበር፤ ጨርቁ በአብዮቱ በዓል በቀበሌው አዳራሽ ለእንግዶች ይታያል። ከበራ ንድፍ ክፍል እገባለሁ። ካልበራ ሁለተኛ ይህን ነገር አላነሳም። ሊቀመንበሩ በሁሉም ፊት ተናገረው። እኔና አጠገቤ የምትሰፋው ጓደኛዬ በየምሳ ሰዓቱ ሞከርነው። እሷ ቀኙን፣ እኔ ግራውን፣ ከዚያ እጅ ለእጅ ስንያያዝ ቦግ! አንድም ቀን አላሳፈረንም።

የበዓሉ ቀን የአዳራሹ መስኮቶች ብርሃን እንዳያስገቡ ተሸፈኑ፤ በምን? በካኪ! ሙቀቱ ልክ አልነበረውም። እንግዶቹ በፕሮግራሙ ወረቀት እያራገቡ፣ ንግግር በንግግር ላይ ሲከመር፣ እኔና ጓደኛዬ ደረጃው ሥር ቆመን ተራችንን ጠበቅን። ጨርቁ መድረኩ ላይ ተሰቅሏል። ስማችን ይጠራል ስል የመድረኩ መሪ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የሕዝቦችን አንድነት ለማብሰር፣ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯና የአገር ሽማግሌው ሐጂ ወደ መድረክ ይውጡልን!»

«እንዴ! እኛስ?» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ክንዴን ይዞ «ጠዋት ተለውጧል። አንቺ ዝም ብለሽ ተመልከች» አለኝ።

ሐጂ ወጡ። ለበዓሉ በፎጣቸው ፈንታ አዲስ ሻል ጣል አድርገዋል፤ የሚያብረቀርቅ ናይለን። ሴትዮዋ የቀኙን መዳፍ ነካች፣ እሳቸው የግራውን። ሴትዮዋ እጇን ዘረጋች። ሐጂ እንደ ወትሯቸው ፈገግ ብለው የሻሉን ጫፍ በእጃቸው ላይ አጠፍ አደረጉና ጨበጧት።

ጨለማ።

ወዲያው ገባኝ። ፎጣቸው ቢሆን እንኳ በዚያ ሙቀት ላብ ጠጥቶ ያሳልፍ ነበር። ናይለን ግን ምኑን ይጠጣል! ቢሆንም ላብ፣ ላብ፣ ላብ እያልኩ ፈጣሪዬን ለመንኩ። ስለ ላብ የጸለየ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

«ጠበቅ አርገው ይያዙኝ ሐጂ!» አለች ሴትዮዋ። እሳቸውም ሻሉን ደረብ አድርገው በሁለት እጥፍ ጠበቅ አደረጉ። ወይ እኔ! ከኋላ አንዱ «ምቱት!» ብሎ ጮኸ፤ ሬዲዮ ሲያስቸግር ጥፊ የሚበላ አይደለም እንዴ? ሴትዮዋ ሰማችና የጠለፍኩትን መዳፍ ጧ አደረገችው። ሕዝቡ ሳቀ።

አፌ ተከፍቶ ነበር። «ባዶ እጅ!» ብል ያልቅ ነበር፤ ሁለት ቃል ነው። ግን ሐጂን አየኋቸው። መድረክ ላይ ናቸው፣ የቀበሌው ሹማምንት ከፊት ተደርድረዋል፣ የመስጊድ ጎረቤቶቻቸው ከኋላ ቆመዋል። ብናገር ሊቀመንበሩ «እጅዎን ይግለጡ» ማለቱ አይቀርም፤ በዚያ ዘመን ሹም ሲናገር እምቢ ማለት ደግሞ ቀልድ አልነበረም። ወይ ይገልጣሉ፣ ወይ እምቢ ይላሉ። የትኛውም ቢሆን ወደ ቤታቸው ይዘውት የሚሄዱት ነገር ነው። አፌን ዘጋሁት። ተናድጄ ነው የዘጋሁት፤ ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። በሻሉም፣ በሊቀመንበሩም፣ በራሴም ድብን ብዬ ነበር።

«ጓዲት፣ ምን ሆነ?» አለ ሊቀመንበሩ በሕዝብ ፊት።

«ሽቦ ተበጥሷል» አልኩ።

«አላልኩም? ሬዲዮ ነው» አለ የንድፍ ክፍሉ ሰውዬ።

መስኮቶቹ ተከፈቱ፣ ጨርቁ ወረደ። ቤቴ ይዤው ሄድኩና አልጋ ሥር ወረወርኩት። በማግሥቱ ካኪዬን ታቅፌ ተቀመጥኩ። በዚያች ሦስተኛ ወንበር ላይ የሊቀመንበሩ የአጎት ልጅ ተቀመጠ፤ እሱም አበባ ይስል ጀመር።

ጥቂት ቆይቶ እናቴ ክር ግዥልኝ ብላ ቀፊራ ላከችኝ። ሐጂ ክሩን ሳይሰጡኝ ቀና ብለው አዩኝ።

«ያ ጨርቅሽ ለምን አልበራም?»

«ሽቦ ተበጥሶ ነው ሐጂ።»

«ወላሂ ዋሸሽ። ክሩን የሸጥኩልሽ እኔ ነኝ። ናይለን አያሳልፍም ብለሽ የመለስሽውም ለእኔ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳስበው ነው የሰነበትኩት። ሻሌ ነው፣ አይደለም?»

የእናቴን የክር ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም፣ አንቺ ልጅ? አፍ የለሽም?»

«ምን ልበል ሐጂ? በአገር ፊት የሴት እጅ በባዶ እጅዎ ይጨብጡ ልበልዎ?»

የትከሻቸውን ፎጣ ጫፍ ዳሰስ አደረጉ። «ቃል የገቡልሽ ወንበርስ?» አሉ።

«አጣኋት» አልኩ። እንባዬ መጣ፤ ተናደድኩበትም።

«ሂጂ፣ ጨርቁን አምጪው።»

«ምን ያደርጋል አሁን? ይተዉት እባክዎ!»

«አምጪው አልኩሽ!»

በዚያ ፀሐይ ከዚራ ድረስ ተመለስኩ፣ ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት፣ እያጉረመረምኩ ተሸክሜው መጣሁ። ሐጂ መደርደሪያቸው ላይ ያሉትን ጣቃዎች አውርደው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ወደ ጓዳ ተጣሩ። አዴ እያልኩ የምጠራቸው ባለቤታቸው እጃቸውን እያደራረቁ ወጡ። አዴን ሳውቃቸው በመንገድ ላይ እንኳ ከሐጂ ኋላ ራቅ ብለው ነው የሚሄዱት።

ሐጂ ፎጣቸውን ከትከሻቸው አንስተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ያንን መዳፍ ንኪው» አሏቸው፤ እሳቸው ደግሞ የወዲያኛውን ነኩ። ከዚያ ባዶ እጃቸውን ለሚስታቸው ዘረጉ።

አዴ መጀመሪያ የተዘረጋውን እጅ አዩት፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ በሩ ላይ ሎሚ የምትሸጠውን። ከዚያ ያዙት።

ሐዲዱ በሙሉ ቦግ አለ፣ ከደቻቱ እስከ ጣቢያው፣ ቀይ በቀይ። ሎሚ ሻጯ ዘንቢሏን ትታ ገባች። ጣቃ ሊገዙ የመጡ ሴቶች በሩ ላይ ተደራረቡ። አዴ ፊታቸውን የሚሸፍኑበት ነጻ እጅ ስላጡ ትከሻቸው ውስጥ ቀብረውት «አቦ ልቀቀኝ፣ ሰው ያያል!» አሉ፤ ሳቃቸው ግን ከሻሻቸው ሥር ይሰማል።

ሐጂ ጨርቁን እያዩ ቆመዋል። እኔም ቆሜአለሁ፤ አፍንጫዬን በእጄ ጀርባ እየጠረግኩ፣ አሁንም እንደተናደድኩ።

«ሐጂ፣ ይበቃል እንግዲህ። የባትሪ ድንጋዩ ያልቃል።»

«ድንጋይ ይገዛል» አሉኝ፤ የአዴን እጅ ግን አልለቀቁም።