ውሃ ላይ የበቀለ ሰሊጥ

ባለፈው ሳምንት ገንዳ ውሃ ከተማ መናኸሪያ አጠገብ መጽሐፌን እያዞርኩ ስሸጥ ስልኬ ጠራ። ራሴ ጽፌ፣ ራሴ ጎንደር ወስጄ አሳትሜ፣ ራሴው በካርቶን ተሸክሜ የምሸጥ ሰው ስለሆንኩ ስልክ ቁጥሬ ከመጽሐፉ ጀርባ ላይ አለ። ብዙ ጊዜ የሚደውሉልኝ በስህተት ነው። ያን ቀን የደወለችው ግን አብደራፊ የምትሠራ አንዲት የእርሻ ባለሙያ ነበረች። ሁለት ፀሐይ ስላላት ዓለም የጻፍኩትን ልብ ወለድ ሁለት ጊዜ አንብባዋለች።

«ጋሼ፣ ሁሉንም አምኜልዎታለሁ» አለችኝ። «ሁለቱን ፀሐይም፣ ከመሬት በታች የሚሄደውን ወንዝም። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልኝ አለ። ሰሊጡን ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ አብቅለውታል። ሰሊጥ እኮ ውሃ ከተኛበት ሦስት ቀን አይቆይም። ለሁለተኛው እትም ያስተካክሉት እንጂ።»

አመስግኜ ዘጋሁ። መጻሕፍቱን ወደ ካርቶኑ መልሼ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተቀመጥኩ። ያንን ስህተት ከእሷ በፊት አጥብቆ የነገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ደሳለኝ ይባላል። ስለዚያች ዓለም ሲል ተደብድቦ ሞተ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ፈተና ወድቄ፣ የአስተማሪ አባቴን ፊት ላለማየት ከአብርሃ ጅራ ወዲያ ካለ አንድ የሰሊጥ እርሻ ተቀጠርኩ። ሥራዬ በትራክተር ተሳቢ ላይ በርሚል ጭኖ ከጉድጓድ ወደ አጫጆቹ ውሃ ማመላለስ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጥቁሩ መሬት እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል፤ ሙቀቱ ደግሞ በርሚሉን በእጅ አያስነካም። የማሽላ እንጀራ በወይካ ወጥ በልተን ቀትሩን ከኩመር ዛፍ ሥር እናሳልፋለን። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ማጭድ ጨብጬ አላውቅም። ሰሊጥን የማውቀው ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

በዚያ የቀትር ዕረፍት ነበር ደብተሬን አውጥቼ ለአጫጆቹ የማነበው። ከጎጃም ለአጨዳ የወረዱ ነበሩ፤ ደሳለኝም ከእነሱ አንዱ ነው፤ ዕድሜው እንደኔው። ሌሎቹ እየሰሙ ያንቀላፋሉ፤ እሱ ግን እንደ መርማሪ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል።

«ሁለት ፀሐይ ካለ የሰው ጥላ ስንት ነው?» አለኝ አንድ ቀን።

አላሰብኩበትም ነበር። «ሁለት» አልኩት።

«እንግዲያው ጻፈው። ደግሞ አንዷ ስትጠልቅ አንዷ ካለች፣ ሠራተኛው መቼ ነው የሚያርፍ?»

እንዲህ እያለ ያችን ዓለም አሠራኝ። ዛሬ ወጣት ጸሐፊዎች ሰው የሚያምነው ዓለም እንዴት ይፈጠራል ብለው ሲጠይቁኝ ብዙ እፈላሰፋለሁ፤ እውነቱ ግን ደሳለኝ እየጠየቀ እኔ መልስ ስፈልግ መክረሜ ነው። መልሱ ሲጠፋኝ ከማውቀው አመጣለሁ። የማውቃቸውን ጉድጓዶች ስማቸውን ለውጬ ወደዚያ አሻገርኳቸው። በመካከላቸው ያለው ሰዓት ትራክተሬ የሚወስድበት ሰዓት ነው። ካርታም ሣልኩ። ከብት የሚጠጣበትን ሦስተኛውን ጉድጓድ ሁለት ዘበኞች ይጠብቁታል፤ ጠዋት ውሃ ሲቀዱ ጠመንጃቸውን ከግንድ ያስደግፋሉ። ይህንንም በየቀኑ የማየውን ነው የጻፍኩት።

ሰሊጡ ላይ ግን አልተግባባንም።

«ውሃ ላይ ሰሊጥ? አጥፋው» አለ።

«ሌላ ዓለም ነው እኮ።»

«ሰሊጥ ካልከው ሰሊጥ ነው። ሌላ ከሆነ ሌላ ስም አውጣለት።»

ለማስተካከል አሥራ አንድ ገጽ መቅደድ ነበረብኝ፤ ወረቀት ደግሞ የለኝም። ነገ እያልኩ ቆየሁ። ይኸው ነው ምክንያቱ፤ ስንፍና።

ጥቅምት ላይ ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ተደጋግፎ ቆሞ ሲደርቅ፣ አንድ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ሦስተኛው ጉድጓድ ደረስኩ። ሁለቱ ዘበኞች ተገድለዋል። አንደኛው ገመዱን እንደጨበጠ በጀርባው ወድቋል። ሌላኛው የከብቶቹ ገንዳ ላይ በፊቱ ተደፍቶ ውሃው ቀልቷል። ጠመንጃዎቹም ከብቶቹም የሉም። ገንዳው ላይ የወደቀው የዘበኞቹ አለቃ ታናሽ ወንድም ነበር። ባዶ በርሚሎቼን እያንኳኳሁ ተመልሼ የነገርኩት እኔ ነኝ።

አለቃው መጀመሪያ አልጮኸም። ለሽፍቶች ወሬ ያቀበለ አለ ብሎ ጉድጓዱ ጋ ማን ማን እንደሚመላለስ አሰበ፤ ከዚያ ዕቃዬን በተነ። ደብተሬን ፍራሼ ሥር አገኘው። ማንበብ ይችላል። ካርታውን አየ፤ ስለ ሁለቱ ዘበኞችና ስለ ግንዱ የጻፍኩትን አነበበ። በጠመንጃው ሰደፍ አፌን ሲመታኝ ሁለት ጥርሴ እዚያው ወለቀ። ሌሎቹ ዘበኞች እጄን በሲባጎ ከትራክተሩ ጎማ ጋር አሰሩኝ።

«ይህን ለማን ነው የጻፍከው?»

«ለማንም። ልብ ወለድ ነው።»

«ጉድጓዱ ልብ ወለድ ነው? ወንድሜ ልብ ወለድ ነው?»

ከጉድጓድ ጉድጓድ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀኝ። መለስኩለት። ሌላም ጠየቀኝ፤ እሱንም መለስኩ። ዓለሜ ቀዳዳ የላትም፤ በመለስኩ ቁጥር የገዛ ጉድጓዴን እየቆፈርኩ ነበር። በየመልሱ መሃል ይመታኛል። አጫጆቹ በጠመንጃ ተከበው ቆመው ያያሉ። ደሳለኝ ከመካከላቸው ወጣ።

«ተረት ነው የሚጽፍ» አለ። «እኔም ሁሉንም አውቀዋለሁ። ጠይቁኝ።»

ወደ እርሻው መጋዘን ጀርባ ወሰዱት። አላየሁም፤ ሰማሁ። ጥያቄው ይሰማል፣ የደሳለኝ መልስ ይሰማል፣ ከዚያ ጫማና ሰደፍ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ይሰማል። ከዚያ እንደገና ጥያቄ። ድምፁ እየቀነሰ ሄደ እንጂ መመለሱን አልተወም። አለቃው ተመልሶ ሲመጣ እጅጌው በደም ረጥቦ ነበር።

«ቃላችሁ አንድ ነው» አለኝ። «የተማከራችሁት አንድ ላይ ነው።» አፈሙዙን ግንባሬ ላይ አደረገ። ሱሪዬ ረጠበ፤ ዛሬ ለመናገር አላፍርም።

በዚያ ጊዜ ነው አያ ታከለ ቃሬዛ ይዘው የደረሱት። የጎረቤት ገበሬ ናቸው፤ አስከሬኖቹን ሊያነሱ መጥተው ነው። ማንበብ አይችሉም።

«ቆይ፣ ልጄ» አሉት አለቃውን። «ሰው የምትገድልበትን ወረቀት አንብብልኝ።»

ለሽማግሌ እምቢ አይባልም። አፈሙዙን ሳያነሳ በሌላው እጁ ደብተሩን ይዞ ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረ። ሁለቱን ፀሐይ አነበበ፣ ሁለቱን ጥላ አነበበ። አያ ታከለ ቃሬዛውን ተደግፈው ሰሙ። ሰሊጡ ጋ ሲደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ምን አልክ? ድገማት።»

«ሰሊጡ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆሞ አበበ» ብሎ ደገመ።

«ፍታው» አሉ። «ሽፍታ የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ለሽፍታ የሚሰልልም የዚሁ አገር ሰው ነው። ይሄ ልጅ ሰሊጥ በምን እንደሚበቅል እንኳ አያውቅም። ያየውን ጉድጓድ ጽፏል፣ ያላየውን ፈጥሯል። ወንድምህን እንቅበር።»

አለቃው ጠመንጃውን ጣለና መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ጠላሁት፤ አዘንኩለትም። ጥላቻውም ሐዘኔታውም እስካሁን አብረውኝ አሉ።

ደሳለኝን ከመጋዘኑ ጀርባ አገኘነው። ፊቱ ብዙም አልተነካም፤ የመቱት ሆዱን ነው። በርሚሎቹን አውርደን እኔው ውሃ የማመላልስበት ተሳቢ ላይ አስተኛነው። ሌላ ሹፌር ነዳ፤ እኔ ራሱን ጭኔ ላይ ይዤ ወደ ገንዳ ውሃ ሄድን። ትራክተሩ የመሬቱን ስንጥቅ በተሻገረ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል።

«አንዷንም አልሳትኩ» አለኝ። «ቃላችን አንድ ከሆነ ያምኑናል ብዬ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«አንተን ምን አስፈታህ?»

«ሰሊጡ» አልኩት።

ሊስቅ ሞከረ፤ ደም ከአፉ ወጣ። አፉን በእጅጌዬ ጠረግኩለት።

«ብዬህ ነበር» አለ። «ለማንኛውም ስህተት ነው። አስተካክለው።»

ገንዳ ውሃ ሳንደርስ ሞተ። እዚያው ቀበርነው። እናቱ ከጎጃም የደረሱት ከሳምንት በኋላ ነው። ልጃቸው በምን እንደሞተ ሲጠይቁኝ «ስለ እኔ መስክሮ» አልኳቸው፤ ስለ ምን እንደመሰከረ ግን ማስረዳት አቃተኝ። አለቃውን ማንም አልጠየቀውም፤ አካባቢውን ለቆ ሄደ አሉ።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላም ነገር አለ። ስለ ዘበኞቹና ስለ ግንዱ በየቀትሩ ጮክ ብዬ አነብ ነበር። ከሰሚዎቹ አንዱ ለሽፍቶቹ አውርቶ እንደሆነ አላውቅም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አላወቅኩም። መጽሐፉ ሲታተም ጉድጓዶቹን ያለ ጠባቂ ተውኳቸው። አንባቢዎች ይህንን እንደ ጉድለት ያነሱብኛል።

ሰሊጡን ግን እንዳለ አሳተምኩት። ነፍሴን ያተረፈ ስህተት ነው፣ ማጥፋት ምስጋና ቢስነት ነው ብዬ። ያች ልጅ ከደወለችልኝ ወዲህ ሳስበው፣ ያ ስህተት ያዳነው እኔን ብቻ ነው። ደሳለኝን አላዳነውም፤ እሱ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመነኝ። ስለዚህ ትናንት ጠዋት ቁጭ ብዬ አሥራ አንዱን ገጽ እንደ አዲስ ጻፍኩ። ሰሊጡን ውሃ ከማይተኛበት ተዳፋት ላይ ዘራሁት፣ በጊዜው አጨድኩት፣ ነዶውን አቆምኩት። ከየነዶው ሥር ሁለት ሁለት ጥላ አስቀመጥኩ።

ማታ ለልጅቷ ደውዬ መስተካከሉን ነገርኳት፤ ደስ አላት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ገጾቹን አንድ ጊዜ አነበብኳቸው፤ ፈራሁ። አሁን መጽሐፉ ውስጥ እኔን የሚያድን ስህተት የለም።