የእሑድ ከሰዓቱ ስህተት

ማክሰኞ ዕለት ዶክተር ሙሄ ደውለው ጽሑፋችን ሊታተም ነው አሉኝ። ጽሑፋችን! ስሜ ከስማቸው ቀጥሎ ተጽፏል። ለእናቴ አነበብኩላት፣ ለጎረቤት አነበብኩ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ስወርድ ለሚኒባሱ ረዳት ላነብለት ትንሽ ነው የቀረኝ። ስለዚህ አሥራ ሰባት ዓመቴ ቢሆንም የሥራ ዘመን ትዝታ ለመጻፍ ደርሻለሁ። ዘመኑ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ነው።

የመጀመሪያው ቀን ቅዳሜ ነበር። የሒሳብ አስተማሪያችን፣ ይቺ ልጅ ጥያቄ ታበዛለች፣ እርስዎ ይቻሏት ብለው ኮምቦልቻ ባለው ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ወደሚያስተምሩት ወደ ዶክተር ሙሄ ቢሮ ላኩኝ። ዶክተር ገና እንደተቀመጥኩ የሁለትን ካሬ ሥር ያለ ሒሳብ ማሽን አውጪ አሉኝ። አልችልም አልኩ። "ገምቺ" አሉኝ። አንድ ተኩል አልኩ። በስንት እንደሳትኩ አሳዩኝና፣ አርመሽ እንደገና ገምቺ አሉ። አራተኛው ግምቴ ማሽኑ ከሚያሳየው ጋር ገጠመ። ቁጥራዊ ሒሳብ ማለት ይኸው ነው፤ መገመት፣ ስህተትን መለካት፣ አርሞ መገመት። በመገመት ደግሞ ማን ይችለኛል።

ማዕረጌ ረዳት መዝጋቢ ተባለ። ቦሩ ሜዳ በሶላር የሚሠራ የውሃ ፓምፕ አለ። ከፓኔሎቹ ሥር ያለች ትንሽ ሣጥን የሚያመነጩትን ኃይል በየአሥር ደቂቃው ትመዘግባለች። ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ ሚሞሪውን አወጣለሁ፤ ከሰዓት ኮምቦልቻ ወርጄ ዶክተር በቀመራቸው ካሰሉት ጋር እናስተያየዋለን።

ስድስቱን ቀን ይገጥማል። እሑድ ከሰዓት ግን የተለካው የተሰላውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ደመና ነው እንዳንል ደመና ቀን አይመርጥም። ዶክተር የስሌቱን እርምጃ ከአሥር ደቂቃ ወደ አምስት፣ ከዚያ ወደ አንድ አሳጠሩት። ኮምፒውተሩ እንደ ካውያ ጋለ። እሑድ ግን ያው እሑድ።

ስለ ስሌቱ የጻፉትን ጽሑፍ የምርምር መጽሔቱ ሁለት ጊዜ መለሰባቸው፤ ስሌቱና ልኬቱ ካልተስማሙ አናትምም ተባለ። ዶክተር በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ዕድሜያቸውን የደከሙበት ዘዴ መክኖ ሊቀር ነው። አንድ ቀን፣ ምናልባት ዘዴው ራሱ ጎደሎ ይሆናል ሲሉ ሰማኋቸው። ድምፃቸው አላማረኝም።

በቀጣዩ እሑድ ለዶክተር ሳልናገር ቦሩ ሜዳ ሄድኩ። እናቴን ለጥናት ነው አልኳት፤ ውሸት አልነበረም።

ፓኔሎቹ ላይ በግ ተኝቷል። ማለቴ ጠጉሩ፤ ታጥቦ፣ ተዘርግቶ፣ ነጭና ጥቁሩ ተለይቶ። ፓምፑ በጓሯቸው ያለው እትዬ ዘሃራ ነፋስ እንዳይወስደው አጠገቡ ቆመዋል። ሲያዩኝ ደነገጡ። በየእሑዱ አጥበው እያደረቁ በማግስቱ ሰኞ ገበያ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባና፣ ለሚሠሩ የሚወስዱት ነው። ድንጋይ ላይ ሲያሰጡት አፈር ይይዘዋል፣ ዶሮ ይጭረዋል። ፓኔሉ ግን ንጹሕ ነው፣ ደሞ ይሞቃል።

"ውሃው እንደሁ ረፋዱን ታንከሩን ይሞላዋል" አሉኝ። "የከሰዓቱ ፀሐይ ትርፍ መስሎኝ ነው ልጄ። ፓምፑን ይነቅሉብን ይሆን?"

አብሽሩ፣ እኔ አለሁ አልኳቸው፤ እንደ ሥራ አስኪያጅ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

"ዶክተር፣ ቀመርዎ ውስጥ በግ አለ?"

"የምን በግ?"

"የእትዬ ዘሃራ።"

በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ወላሂ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ከበግ ጠጉር ጋር ነው የታገልኩት አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ አሁን ጠጉሩን አስነሺ ሊሉኝ ነው ብዬ ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ወረቀት ሳቡ።

"የሴትየዋ ሱፍ ባለበት ይቆይ። የሚታረመው የኔ ስሌት ነው።"

ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሰጣ፣ ምን ያህሉን ፓኔል እንደሚሸፍን ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር፤ በሚቀጥለው እሑድ ሜትር ይዤ ሄጄ ለካሁ። ልኬቱ ስሌቱ ውስጥ ሲገባ ሁለቱ መስመሮች አንዱ በአንዱ ላይ ተኙ። ገምጋሚዎቹ ሽፋኑ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ ዶክተር አላድበሰበሱም፤ የበግ ጠጉር ብለው ጻፉ። ይታተማል የሚለው የማክሰኞው መልስ የመጣው ጡረታ ሊወጡ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ነው።

ከሥራ ዘመኔ የተማርኩት ይህ ነው፤ ስሌትና ልኬት አልስማማ ሲሉ፣ ስሌቱን ከመነካካት በፊት ነገሩ በሚሆንበት ሰዓት ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት።

ሣጥኗ አሁንም ትመዘግባለች፤ መዝጋቢዋ ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ ረዳት እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ደሴ ፒያሳ፣ የቦሩ ሜዳ ሚኒባስ ጋ እቆማለሁ። ሒሳብ የምትፈሩም ኑ። ደብተርና ሹራብ ያዙ፤ ቦሩ ሜዳ ይበርዳል።